ጓሮ፣ ምጣድና መርፌ በባሕር ዳር ዓመት ውስጥ

በባሕር ዳር ቤት ይዘው ከቤት ውጭም ሥራ የሚውሉ ብዙ እህቶች የጓሮ አትክልትን፣ የቤት ዳቦንና የእጅ ሥራን አንድ ላይ ማስኬድ እንደማይቻል ይነግሩኛል። እኔ ከደመወዝ ሥራዬ ጎን ለጎን ሦስቱንም ለዓመታት ይዤ ቆይቻለሁ፤ ከዚህም የተረዳሁት ሰውን ይበልጥ የሚያደክመው ሦስቱንም በየሳምንቱ እኩል ለመሥራት መሞከሩ መሆኑን ነው። የከተማችን አየር ዓመቱን ራሱ ደልድሎ ሰጥቶናል። በጋው የጓሮ ነው፤ ክረምቱ የመርፌና የወስፌ ነው፤ ምጣዱ ደግሞ በዓልንና ጾምን እየተከተለ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ይህን ድልድል የተቀበለ ሰው በሥራ ቀን ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ የምሠራበትን መንገድ ለጀማሪ በሚጠቅም መልኩ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ናት። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ደረቅ ነው። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቢቀዘቅዝም በከተማው ውስጥ እንደ ደጋው አገር ውርጭ አትክልት አያቃጥልም፤ ውኃ እስካለ ድረስ በጋውን ሙሉ ማምረት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ዝናብ መጣ ብሎ በሰኔ ዘር ይገዛል። በሐምሌ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ እየጠቆረ ይረግፋል፤ የካሮት ዘር ሳይበቅል በጎርፍ ይታጠባል፤ ቆስጣውም ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ይሆናል። ለክረምቱ ዱባ፣ ለእሸት የሚሆን ጥቂት በቆሎና ከፍ ባለ መደብ ላይ የቆመ ጎመን ይበቃሉ። ቲማቲም በክረምት የግድ ከተፈለገ በበረንዳ ጣሪያ ሥር፣ ታችኛው በተበሳ ባልዲ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ግንድ ማሳደግ ይቻላል፤ በሽታው የሚበረታው ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ስለሆነ፣ ዝናብ የማይነካው ቲማቲም ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

የጓሮው ሥራ በእውነት የሚጀምረው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው። የእኛ ግቢ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ከዶማው ጋር ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር የደረሳቸው ጎረቤቶች ሥራቸው የቀለለ ነው። ዋልካ የሚቆፈርበት ጊዜ አጭር ስለሆነ እፍኝ አፈር ጨብጬ እለቃለሁ፤ ጭብጡ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ እጠብቃለሁ፣ ከተፈረፈረ ግን በዚያው ሳምንት ቆፍሬ መደብ አወጣለሁ። የመደቡ ስፋት ከአንድ ሜትር እንዳይበልጥ እመክራለሁ፤ ከሁለቱም ጎን በእጅ የሚደረስ መደብ በእግር አይረገጥም፣ ያልተረገጠ አፈር ደግሞ በየዓመቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። ለዋልካ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት እበትንና ከላዩ አፈር ጋር ብቻ አደባልቀዋለሁ።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን በመጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ ይዘራሉ። ከመደቡ በላይ ጣሪያ ሠርቼ በሣር እሸፍነዋለሁ፤ ችግኙ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ሣሩን ቀስ በቀስ አሳሳለሁ፣ ሊነቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ውኃውን እቀንሳለሁ፤ ይህም ፀሐዩን እንዲለምድ ያደርገዋል። የቲማቲም ችግኝ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ቃሪያ ከዚያ ይዘገያል። ተከላው ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፤ በጠዋት የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ የቀትሩ ፀሐይ ያገኘዋል። ካሮትና ቀይ ሥር ግን መዘዋወር ስለማይወዱ በቋሚ ቦታቸው ይዘራሉ። የካሮት ዘር ደቃቅ በመሆኑ ከደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቄ በመስመር እዘራዋለሁ፤ ሲበቅልም በመካከሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር አሳሳዋለሁ። ያልበሰለ ፍግ ያለበት መደብ ላይ የተዘራ ካሮት ሥሩ ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ለመብል ምንም አይጎዳም፣ ለመላጥ ግን ያስመርራል።

በእኔ ጓሮ ትልቁን ቦታ የያዙት ጎመንና ቆስጣ ናቸው፤ ምክንያቱም ጾሙ ነው። ሁዳዴ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይገባል፤ 55 ቀን ሙሉ በየዕለቱ አንድ ቅጠላ ቅጠል ከማዕድ አይጠፋም። ቆስጣ ከተዘራ በኋላ ለቅጠል ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስድ፣ የሁዳዴውን ቆስጣ በታኅሣሥ መጀመሪያ እዘራለሁ። ሲቆረጥ ከውጭ ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ መውሰድና እንቡጡን አለመንካት ያስፈልጋል፤ እንዲህ የተያዘ ግንድ ጾሙን ሙሉ ያበላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ለዚህ መላው ጥላ ነው፤ በጣና ዳር በዘጌ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ሥር እንደሚበቅል ሁሉ፣ እኔም የመጨረሻውን የቆስጣ መደብ ከፓፓያው በስተምሥራቅ አድርጌዋለሁ፤ የጠዋቱን ፀሐይ ያገኛል፣ ከቀትር በኋላ ግን ጥላው ይደርስለታል።

የውኃው ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ጣና ዳር እየኖርን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የምንጠብቅበት ጊዜ እንዳለ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የጓሮ ውኃ ከሮቶ እንዳይቀዳ በቤታችን ደንብ አድርገናል። አትክልት፣ ጤፍና ምስር የታጠበበት ውኃ ሁሉ በአንድ በርሜል ይጠራቀማል፤ የሳሙና ውኃ ግን ወደ ኮባውና ወደ ሙዙ እንጂ ወደ ቅጠላ ቅጠሉ አይሄድም። አትክልቱ ውኃ የሚጠጣው በጠዋት ወይም በምሽት ሆኖ ሥር ሥሩን ነው። መደቡን በደረቅ ሣር መሸፈን ደግሞ የሚተነውን ውኃ በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ ከሁሉ የሚመቸኝ የበዓል ቄጠማ ነው፤ ለገናና ለጥምቀት ከተጎዘጎዘ በኋላ ተጠርጎ የሚጣለውን ቄጠማ ሰብስቤ በቲማቲሙ ሥር አነጥፈዋለሁ። ጎረቤቶቼም ከበዓል ማግስት የእነርሱን ያመጡልኛል።

ኮምፖስቱን በአጥሩ ጥግ በጥላ ሥር እሠራዋለሁ። ደረቅ ቅጠል፣ እርጥብ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ትንሽ ፍግ፣ እፍኝ አመድና ስስ አፈር በንብርብር ይገባሉ፤ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ከተገላበጠ በእኛ ሙቀት ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይበስላል። ሁለት ነገሮችን ግን አላስገባም። አንደኛው የጫት ገረባ ነው፤ በከተማው ሞልቶ በነጻ የሚገኝ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨበት ስለሆነ ለምበላው ቅጠል አላምነውም። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለማዳበሪያ ይሁን የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ በደንብ ከተብላላ ማዳበሪያ እንደሚሆንም አውቃለሁ። ነገር ግን ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ነው፤ በግቢ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ክምር ደግሞ ዘር የሚገድል ሙቀት ላይ ስለ መድረሱ ማረጋገጫ የለውም። የእኛ ሰፈር የጎርፍ ቦይ መጨረሻው ሐይቁ ስለሆነ፣ ከሐይቁ የወጣውን አረም ግቢዬ አድርሼ ዘሩን በክረምት ጎርፍ መልሼ መላክ አልፈልግም።

ተባይን በሚመለከት ብዙ አልጽፍም፤ ጎመን ላይ የሚወጣው ክሽክሽ ገና በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ከታየ በሳሙና ውኃ መታጠቡና በጠዋት ጤዛ ላይ አመድ መነስነሱ ይበቃዋል። በየዕለቱ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው ተባዩን ቶሎ ያየዋል። ከክሽክሽ ይልቅ ጓሮ የሚያጠፋው የጎረቤት ዶሮ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ አጥር እንጂ መድኃኒት የለውም።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ፣ ድፎ ዳቦ በቤቴ ከጓሮው ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚጋገርበት ኮባ የሚያድገው የልብስ እጥበት ውኃ በሚፈስበት ጥግ ነው። ሁለት ግንድ ኮባ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ገበያ ላይ በበዓል ዋዜማ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚወደድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮባ ለሌለው የሙዝ ቅጠልም ይሆናል፤ ሁለቱም በእሳት ላይ ለብ ለብ ተደርገው ካልለሰለሱ ግን ሲታጠፉ ይቀደዳሉ።

ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከስድስት መቶ እስከ ስድስት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ደረቅ እርሾ፣ ከዚያ በለጥ ያለ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል እጠቀማለሁ። በወፍጮ ቤት የተፈጨ ሙሉ ስንዴ ከፉርኖ ዱቄት የበለጠ ውኃ ስለሚጠጣ ሊጡ ከጠጠረ ውኃ መጨመር ያስፈልጋል። የፎገራ ሩዝ ወይም የጎጃም ዳጉሳ ዱቄት መቀላቀል የሚወድ ሰው ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ እመክራለሁ፤ ሁለቱም ሊጥን አያይዞ የሚያቆም ባሕርይ ስለሌላቸው ከበዙ ዳቦው ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። ዳጉሳው ለቀለሙም ለጣዕሙም ደስ ይላል፤ ሩዙ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወጪ ከመቀነስ በቀር ለዳቦ የሚጨምረው ነገር አላየሁበትም።

የቡኮው ጊዜ እንደ ወሩ ይለያያል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ ሰዓት ከሩብ የሚበቃው ሊጥ በታኅሣሥ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ላይ የተገኘ ሰዓት እዚህ አይሠራም። አማቴ በዚህ ጉዳይ «ሊጥ በሰዓት አይታይም ልጄ፤ በጣት ነው የሚታይ» ይላሉ፤ የሚያሳዩትም ዘዴ ቀላል ነው። ሊጡን በጣት ጫን አድርገው ያዩታል፤ ጉድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጨርሶ ካልተመለሰ ግን አልፎበታል። ደረቅ እርሾን ቀንሶ የቆየ ሊጥ ጨምሮ ማሳደር ደግሞ ለሠራተኛ ሰው ይመቻል፤ ማታ የተቦካው ጠዋት ይጋገራል፣ ጣዕሙም ይጠልቃል፣ ዳቦውም ቶሎ አይሻግትም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ስጋግር በመጀመሪያ ምጣዱን አግዬ አጠፋዋለሁ፤ ኮባውን አንጥፌ ሊጡን ገልብጬ፣ ከላይም በኮባ ሸፍኜ ከከደንሁ በኋላ እንደገና አበራዋለሁ። ከዚያ በየመሀሉ እያጠፋሁ በሸክላው ሙቀት እንዲበስል አደርጋለሁ፤ ያለማቋረጥ የበራ ምጣድ ውስጡ ሳይበስል ታችውን ያሳርራል። ከላይ ሲረጋ በሰፌድ አግዤ እገለብጠዋለሁ። ስንጥር ሰክተው ሲያወጡት ሊጥ ካልያዘ፣ ጀርባውም ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። መብራት ከመጋገሩ በፊት ከጠፋ ሊጡን አሽቶ አየሩን ማስወጣትና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ጊዜ ይገዛል። እየተጋገረ ሳለ ከጠፋ ግን ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም፤ ሸክላው ለብዙ ደቂቃዎች ሙቀቱን ይይዛል፣ ካልተመለሰም በከሰል ማንደጃ ላይ ብረት ምጣድ ጥዶ መጨረስ ይቻላል። ለዚህ ሲባል በዓል ሲቃረብ ትንሽ ከሰል ከቤቴ አይጠፋም። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ የሚጋገረው ሙልሙል ግን ትንንሽ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለበትም፤ በሰፈሩ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ብዛት በሚፈቅደው መጠን ከዋዜማው ጀምሮ ይጋገራል። ዳቦ ለመማር ለሚፈልግ ሰው በድፎ ከመጀመር በሙልሙል መጀመሩን እመርጥለታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ጓሮው ራሱን ያስተዳድራል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብም ሰውን ቤት ያስቀምጣል። የእጅ ሥራውን የምሰበስበው ለዚህ ወቅት ነው፤ ዕቃው ግን ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የስፌት ስንደዶ የሚለቀመው በጳጉሜንና በመስከረም ሣሩ ባፈራበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ ክረምት የምሰፋበት ስንደዶ አምና የተለቀመና በጥላ የደረቀ ነው። ከተማ ውስጥ መልቀሚያ ለሌለው ሰው በቅዳሜ ገበያ በእስር ይሸጣል፤ ሲገዛ አገዳው ረጅም፣ ቀለሙ አንድ ዓይነትና የሻገተ ሽታ የሌለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በቀለም ተነክሮ አለላ የሚሆነው ስንደዶ ለብቻው ይፈላል፤ ከመስፋት በፊት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካልለሰለሰ ግን ወስፌው በገባ ቁጥር ይሰበራል። እኔ የምሰፋው ለቡና ቁርስ የሚሆን ትንሽ ሰፌድና የድስት ማስቀመጫ ነው።

ከስፌቱ የበለጠ በየዕለቱ የሚያገለግለኝ የአሮጌ ልብስ ሥራ ነው። መሐሉ የሳሳ ጋቢ ዳር ዳሩ ገና ጠንካራ ስለሆነ፣ ያንን ቆርጬ ድርብ አድርጌ እሰፋውና የዳቦ መጠቅለያ አደርገዋለሁ፤ ገና ከምጣድ የወጣ ድፎ በእርሱ ሲጠቀለል ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ላቡንም ጨርቁ ይጠጣዋል። በፌስታል የታሰረ ትኩስ ዳቦ ግን በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ከነጠላ ቁራጭ ደግሞ ዘር ማስቀመጫ ትንንሽ ከረጢቶች እሰፋለሁ፤ በጥልፍ ስማቸውን እጽፍባቸዋለሁ፣ ይህም ጥልፍ ለሚለማመዱ ልጆች መልካም ልምምድ ነው። በሶብላ፣ ጎመንና ድንብላል ዘራቸው በደንብ ደርቆ በጨርቅ ከረጢት፣ ከረጢቱም ከአመድ ጋር በተከደነ ጣሳ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ዓመት በአስተማማኝ ይበቅላል፤ አመዱ እርጥበቱን ይስበዋል። ከሱቅ የተገዛ ዲቃላ የቲማቲም ዘር ግን ልጁ እንደ እናቱ ስለማይሆን በየዓመቱ መግዛቱ ይሻላል። ዳንቴል በኪሮሽ መሥራትን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ደመናማ ከሰዓት ላይ በነጭ ክር መሥራት ዓይን ስለሚያደክም በመስኮት ሥር ለምቀመጥበት ጠዋት ብቻ አቆየዋለሁ።

ሁሉን በቤት መሥራት አለብኝ ብላ የምታስብ ሴት ቶሎ ትሰለቻለች፤ ስለዚህ የተውኋቸውንም መናገር ይገባኛል። ቀይ ሽንኩርት አልተክልም፤ ችግኙ ብቻ አንድ ወር ተኩል ይፈጃል፣ ከተተከለ በኋላም ከሦስት ወር በላይ ቦታ ይይዛል፤ የፎገራና የቆጋ መስኖ ሽንኩርት በደረሰበት ወቅት ደግሞ ገበያው ላይ ዋጋው ስለሚወርድ የእኔ መደብ ሊወዳደረው አይችልም። በምትኩ ነጭ ሽንኩርት በአጥር ዳር በአሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት እሰካለሁ። ድንችም ከዳንግላና ከእንጅባራ በኩል በርካሽ ይመጣል። ቲማቲም በጥርና በየካቲት ሲረክስ ከገበያ በሣጥን ገዝቼ ለድልህ አበስለዋለሁ፤ የጓሮው ቲማቲም ለሰላጣና ለስልስ ብቻ ነው። መሶብ ደግሞ ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ከሚያውቁበት እናቶች እገዛለሁ፤ በዋጋው ላይም አልከራከርም፣ አንድ ትንሽ ሰፌድ ስንት ምሽት እንደሚወስድ ስለማውቅ።

ዘንድሮ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው መነሻው በመስከረም መጨረሻ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ አንድ መደብ፣ በላዩም ቆስጣ፣ ጎመንና በሶብላ፣ በጥጉም አንድ ኮባ ቢሆን ይበቃል። ኮባው ለዳቦ የሚሆን ቅጠል እስኪያወጣ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ አስቀድሞ መተከል ያለበት እርሱ ነው።